ኩኪ ገና ዓመት አልሞላትም

የቁንጫ ዱቄት ሽታ ነው ይዞኝ የሄደው። ሳሚ፣ እናቱ ካረፈች ጀምሮ እኔው ያሳደግኩት የልጄ ልጅ፣ ዐርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ነጭ ዱቄት ገዝቶ መጣና ውሻውን ኩኪን በረንዳው ላይ አስተኝቶ ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ ነሰነሰባት። ኩኪ ጨዋታ መስሏት እጁን ትልሰዋለች። «ነገ ሙሽራው ይመጣል፤ ቁንጫ ይዘሽ ታዋርጂኛለሽ?» ይላታል እየሳቀ። ሰሞኑን ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ የሚለውን ደሟን ስጠርግ የከረምኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋ ነው። ያ ሽታ ጓዳ ድረስ ገብቶ አፍንጫዬን ሲመታኝ የምለቅመው ምስር እጄ ላይ ቀረ፤ የምኖርበትን አፍንጮ በርን ትቼ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ሽቅብ ፒያሳ ወጥቼ፣ ከማዳም ሲራኑሽ ግቢ ገባሁ። እርጅና እንዲህ ነው፤ እግር እምቢ ሲል አፍንጫ ይመላለሳል።

ማዳም ሲራኑሽ አርመን ነበሩ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቬሎ ሰፊ። ሱቃቸው ከወርቅ ቤቶቹ መደዳ ነበር፤ መኖሪያቸው ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ በረንዳው እንጨት፣ አጥሩ የሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን የድንጋይ ግንብ። ባለቤቴ ተሰማ የግቢያቸው ዘበኛ ነበር። እኛ ከጓሮ ባለች አንዲት ክፍል እንኖራለን፤ እኔ ማዳም የሰፉትን ቬሎ ጫፉን እቀመቅማለሁ። ያን ጊዜ ፒያሳ ሰው ሊታይ ነበር የሚወጣባት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ እግሩ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሰው አስፋልቱን እየጠረጉ ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ከጉልበት በላይ የቀረ ጉርድ፣ ፀጉራቸው ተነፍቶ ጎጆ አክሎ። ማኪያቶ በስሙኒ ነበር። ስሙኒ ያላት ባንኮኒው ላይ ክርኗን ጣል አድርጋ ትጠጣለች፤ የሌላት ከበር ቆማ ሽታውን በነፃ ትወስዳለች። እኔና ተሰማ ብዙውን ጊዜ የሽታው ደንበኞች ነበርን። ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዱን የፍቅር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ሲደጋግም፣ ተሰማ እዚያ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ የጫማው ማሰሪያ ይፈታበታል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ጎንበስ ብሎ ሲያስር እኔም አብሬው እቆማለሁ። አሁን ያ ማዕዘን የት ጋ እንደነበር በጣትሽ አሳዪ ብትሉኝ ጣቴን የት እንደምቀስር አላውቅም።

የዚያን ጊዜ ሴት ውሻ የሚያሳድግ ሰው አልነበረም። ቡችላ ስጡኝ ብሎ የመጣ መጀመሪያ ገልብጦ ያያል፤ ሴት ከሆነች «ይቺስ ጦስ ናት» ብሎ ይመልሳል። ውሻ የወለደችበት ሰው ወንዶቹን ያስቀርና ሴቶቹን በጆንያ ቋጥሮ ራስ መኮንን ድልድይ ሥር ወንዙ ዳር ይጥላቸዋል። ማታ ማታ በዚያ ያለፈ ሰው ልቅሷቸውን ይሰማል። ማዳም ግን ሴት ውሻ ነበር የሚወዱት። የአንዲት አሮጊት ውሻቸው ልጅ፣ ሊዛ የምትባል፣ ደረቷ ነጭ፣ ጆሮዋ አንዱ ቆሞ አንዱ የወደቀ፣ አሁን ድረስ በዓይኔ ላይ ናት። ዱቄቱን የሚነሰንሱት ለእሷ ነበር።

ሊዛ መጀመሪያ ደም ያየች ቀን ማዳም ቬሎ የሚለኩበትን ሜትር ይዘው መጡ።

«አስካለ፣ ና። ያዝ።» ማዳም ወንድ ሴት አይለዩም፤ ሁሉም ሰው አንተ ነው።

«ማዳም፣ ቬሎ ሊሰፉላት ነው እንዴ?»

«ቬሎ የለም! ወገብ እለካለሁ።» ለኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትንሽ ነው። ይሄ ልጅ ነው፣ አስካለ። ልጅ ልጅ አይወልድም። አንድ ጊዜ ደም፣ ዝም። ሁለተኛ ደም፣ ዝም። ሁለት ዓመት ሞላ፣ ሐኪም አየ፣ አጥንት ጠነከረ፣ ከዚያ ደግ ወንድ ፈልግ። ሲያረጅ ደግሞ አበቃ። አሮጊት ማስወለድ ኃጢአት ነው።»

እኔ ሳቅኩ። ለውሻ እንዲህ ያለ ሥርዓት ሰምቼ አላውቅም ነበራ። ግን ሳቄን ሳልጨርስ ሜትሩን መጠቅለል ጀመርኩ፤ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ለራሴም አልነገርኩት። ማዳም ሊዛን ጨርቅ ማስቀመጫው ክፍል አስገብተው ሦስት ሳምንት ያህል ቆለፉባት፤ ቁልፉን ከመስቀላቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ከግንቡ ውጭ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ ተሰብስቦ ያላዝናል። ማዳም በረንዳ ወጥተው «ሂድ ወደ እናትህ!» ይሉታል።

ወደ ዐርቡ ልመለስ። ምስሩን አስቀምጬ ወደ በረንዳው ወጣሁና «ሳሚዬ፣ ይቺ እኮ ልጅ ናት» አልኩት።

«ደም አየች እኮ እማዬ። ደም ካየች ደርሳለች።»

«ደም ማየትና መድረስ አንድ አይደለም።»

«አቦ እማዬ፣ ችክ አትበይ! ሰውዬው ከቦሌ ድረስ ነው የሚያመጣልን። ውሻውን ብታዪው አንበሳ ነው።»

«እሱ አንበሳ ቢሆን ለእሷ ምን ይረባታል? አንበሳ ስታረግዝ ልትፈነዳ ነው? ዓመት እንኳ አልሞላትም። ይህን አሳልፋት፤ ቀጣዩንም አሳልፋት። ሁለት ዓመት ሲሆናት እኔው ራሴ ዱቄቱን እነሰንስልሃለሁ።»

ሳቁ ጠፋ። ሳሚ ክፉ ልጅ አይደለም። ፒያሳ የስልክ መጠገኛ ነበረችው፣ በር የምታክል። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ እሷም አብራ ተነሣች፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ታጥቦ መሄጃ የለውም። ለጓደኞቹ ቡችላ ቃል ገብቷል፤ አንዱ ቀብድ ሰጥቶታል። «እኔ ሁለት ዓመት ምን እየበላሁ ልጠብቅ?» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ ደግሞ፣ «በዛ ላይ የመጀመሪያው ላይ ወንድ ከተከለከለች ታብዳለች ይላሉ» አለ።

«ማነው የሚለው?»

«ሁሉም ነዋ።»

ይህን ሁሉም የተባለውን ሰውዬ አውቀዋለሁ። የዚያን ጊዜ ስሙ ጋሽ ወርቁ ነበር፤ ልኳንዳ ነጋዴ፣ ከማዳም ግቢ ፊት ለፊት። ዘመኑ ተለወጠና ቬሎ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ፤ ሙሽሮች በሰው ቬሎ፣ አንዳንዶቹም ያለ ቬሎ ማግባት ጀመሩ። የወርቅ ቤቶቹ መስኮት ባዶ ቬልቬት ብቻ ቀረበት፤ ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ የሚሰማውም ሰልፍ የሚያስወጣ ዜማ ሆነ። አንድ ማለዳ ማዳም አንዲት ሻንጣ ይዘው፣ ያንን ግራጫ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈው ወጡ። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ለተሰማ ሰጡትና «ሊዛ አደራ። ገና አንድ ደም ነው። ሁለተኛ ይለፍ» አሉት። አደራቸው ስለ ቤቱ አልነበረም፤ ስለ ሊዛ ነበር። እሳቸውን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ሁለተኛው ጊዜ ሲመጣ ሊዛ አሁንም ጫማ ሰርቃ የምትሮጥ ነበረች። ጋሽ ወርቁ በቢላው እጀታ በራችንን እያንኳኳ ይመጣል። «ማን ነክቶኝ» ብሎ ስም ያወጣለት፣ ጥጃ የሚያክል ውሻ ነበረው። ስሙን ያወጣው ለጎረቤት ልኳንዳ እንዲሰማ ነው፤ የዚያ ዘመን ሰው ስድቡን በውሻው ስም ነበር የሚልከው።

«ተሴ፣ አንተ ደግሞ የማዳም መነኩሴ ሆነህ ቀረህ!» ይለዋል። «ወንድ የተከለከለች ውሻ ታብዳለች። አብዳ ይቺን ሚስትህን ብትነክስብህ፣ ማዳም ከባሕር ማዶ መጥታ ታሳክምልሃለች?»

«አደራ ነው ጋሽዬ።»

«አደራ ለሰው ነው። ውሻ አደራ አለባት እንዴ? እንዲያውም ጽድቅ ነው፤ ገላግላት!»

ተሰማ ከእብድ ውሻ በላይ የሚፈራው ነገር አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሙን የነጠቀው እሱ ነው። እኔ እጁን ይዤ «ተው ተሴ፣ ወገቧ አልሞላም» አልኩት። «ሁሉም ተሳስቶ ማዳም ብቻ ልክ ሆኑ?» አለኝና ቁልፉን አዞረው። ማን ነክቶኝ እየተጎማለለ ገባ። ሊዛ ግድግዳው ሥር ተለጠፈች። እኔ ወደ ክፍላችን ገብቼ በሩን ዘጋሁና ትራስ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

ሆዷ መሬት እስኪነካ አበጠች። የወለደች ቀን፣ ወለደች ከተባለ፣ ጠዋት ጀመራት፤ እኩለ ቀን ሆነ፤ የቡችላው ጭንቅላት መጥቶ አላልፍ አለ። ማን ነክቶኝ የዘራው ጭንቅላት ነው፤ በሊዛ ወገብ የት ይለፍ! ተሰማ የከብት ሐኪም ፍለጋ ከተማውን ሲያስስ ዋለ። እኔ ጨርቅ ማስቀመጫው ውስጥ፣ በተረፈ የቬሎ ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ጭንቅላቷን ታፋዬ ላይ ይዤያለሁ። ስታምጥ አትጮኽም ነበር። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔም እሷን አያታለሁ፤ የማየው ግን ሌላ ነገር ነበር። ጀንበር ሳትጠልቅ ያ የቆመው ጆሮዋ ወደቀ። ተሰማ ባዶ እጁን ላቡ እየወረደ ሲገባ አብቅቶ ነበር።

በማግስቱ ወለሉን ሲያጥብ በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ቀና አላለም። ብሩሹን ሲያመላልስ፣ ሲያመላልስ ቆየና፣ «አስካል» አለኝ፣ «አንቺም ያኔ ልጅ ነበርሽ።» ይኸው ነው። ውሃውን ደፋው፤ ወጣ። ከሠርጋችን ጀምሮ ስለዚያ ነገር የተናገረው ያን ቀን ብቻ ነው። ሲያረጅም፣ ሲሞትም አልደገመው። እኔም አልጠየቅሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሚ ሰውዬውን ታክሲ መያዣው ጋ ሊቀበል ወጣ። ኩኪ በረንዳው ላይ ካልሲውን ትጎትታለች። ቆምኩ፤ ተቀመጥኩ፤ ቆምኩ። የት እንደምሄድ ሳላውቅ ሽርጤን ፈትቼ ኋላዋን ሸፍኜ ወገቧ ላይ አሰርኩላት፤ ገመዷን በአንድ እጄ፣ ከዘራዬን በሌላው ይዤ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ጥቂት እንደወረድን አንድ ቡራቡሬ ወንድ ከአጥር ሥር ተነሣና ተከተለን። ከዚያ ሌላ። ራስ መኮንን ድልድይ ስንደርስ ዞር ብል መንገዱን ሞልተውታል፤ አንካሳው፣ እከካሙ፣ ጅራቱ የተቆረጠው፣ አንገቱ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰንሰለት ያለበት። ሰፈር ሲነሣ ሰው እየተጫነ ሲሄድ የቀሩት ናቸው፤ ጌቶቻቸው የተዉት ቤት ፈርሶ እነሱ መንገድ ላይ ቀሩ። ኩኪ ጅራቷን በእግሯ መሃል አስገብታ ቀሚሴ ውስጥ ልትገባ ነው። ከዘራዬን ባወዛወዝኩ ቁጥር ሁለት እርምጃ ያፈገፍጋሉ፤ ሦስት ይቀርባሉ።

ድልድዩ ላይ ካልሲ የምትሸጥ ሴት ሳቋ ፈነዳ። «እማማ! ይሄ ሁሉ ሚዜ የማን ነው?»

አንድ ረዳት ደግሞ ከታክሲው በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ሙሽሪትን ጋቢና ላስገባልዎት? ሚዜዎቹን ግን አንጭንም!» አለኝ።

«ልጄ፣ እውነትህን ከሆነ ጫነን» አልኩት። ሳቀና «ቀልዴን ነው እማማ፣ ተሳፋሪ ይጣላኛል» ብሎ በሩን ዘጋው። ሽቅብ ወጣሁ። ያን ዳገት ስንት ጊዜ የቬሎ ካርቶን በራሴ ተሸክሜ ወጥቼዋለሁ! ያኔ ትንፋሼ አይቆጠርም ነበር፤ አሁን በየግንዱ፣ በየምሰሶው እየተደገፍኩ። ጊዮርጊስ ደጅ ስደርስ ከዘራዬን ተደግፌ ቆምኩ። ቅጽሩ አጥር አለው፣ በር አለው፣ ዘበኛ አለው። ግን ውሻ ይዞ ቅጽር አይገባም፤ ይህን ልጅም ያውቀዋል። ከውጭ ተሳልሜ «አንተ ፈረሰኛው፣ ቢያንስ እነዚህን አባርልኝ» አልኩ። ውሾቹ ከበውን ቁጭ አሉ። ሰዎች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ዞረውን ያልፋሉ።

አንድ የቀረኝ ግንብ የማዳም ነበር። መፍረሱን ሰምቻለሁ፤ እግሬ ግን አልሰማም ነበር። ወረድኩ። የእንጨቱ በረንዳ፣ የጋሽ ወርቁ ልኳንዳ፣ ወርቅ ቤቱ፣ ሙዚቃ ቤቱ፣ ሁሉም በነበረበት ቦታ ሣር አለ፤ ሣሩ ላይ መብራት ተተክሏል፤ ሰፊ መንገድ ያልፋል። ያማረ ነው፤ አላማረም አልልም። ብቻ የሚሸሸጉበት ጥግ የለውም። አንድ ጥበቃ መጣ።

«እማማ፣ ሣሩ ላይ ውሻ አይፈቀድም።»

«ልጄ፣ ግንቡ ያለው ግቢ ነው የምፈልገው። በር የሚዘጋ።»

«የማን ግቢ ነው የሚፈልጉት?»

«የማዳም ሲራኑሽ። ቬሎ ሰፊዋ።»

«እማማ፣ እዚህ ቤት የለም። እኔ ስቀጠርም አልነበረም።» አየኝ፤ ውሾቹን አየ። «ልጅ የለዎትም? ስልክ ልደውልልዎት?»

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ኩኪን በጉልበቶቼ መሃል አስገብቼ በቀሚሴ ሸፈንኳት። ቡራቡሬው አፍንጫውን እስከ ጉልበቴ አቀረበ፤ በከዘራዬ መታሁት፤ ቻለው፤ ደገምኩት። እጄ ዛለ። ሰው እያየ ያልፋል፤ አንዳንዱ በስልኩ ያነሣኛል። አንዴ ብቻ በር ቢከፈት ብዬ አሰብኩ። የሚከፈት በር እንጂ የሚከፍት ሰው አልጠፋም፤ በሮቹ ናቸው የሌሉት።

ሳሚ ሮጦ መጣ። ከአፍንጮ በር ጀምሮ ሰው ሁሉ መንገድ አሳይቶታል፤ እንዲህ ያለ ሰልፍ ማን ይስተዋል! በድንጋይ ውሾቹን በተናቸውና በላዬ ላይ ጮኸ። «ሰውዬው ከነውሻው ደጅ ቆሟል! ሰው አሳቅሽብኝ እኮ! አበድሽ እንዴ?»

«አላበድኩም። ቁጭ በል።»

«እማዬ፣ ለአንዲት ውሻ...»

«ቁጭ በል አልኩህ።»

ተቀመጠ። ለእናቱ ያልነገርኩትን፣ ለንስሐ አባቴም በደፈናው ያለፍኩትን ነገርኩት። እናቱ የመጀመሪያ ልጄ እንዳልነበረች። ከእሷ ብዙ ዓመት በፊት አንድ ወንድ ልጅ እንደነበር፤ ቀናት አምጬ፣ ወጥቶ ሳያለቅስ እንደቀረ፤ እኔም ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት እግሬን እየጎተትኩ፣ ሽንቴ እያመለጠኝ፣ ሽታዬን እያፈርኩ ሰው ሸሽቼ እንደኖርኩ። ማዳም ናቸው ሐኪም ቤት ወስደው ያስጠገኑኝ። አያትህ ክፉ አልነበረም አልኩት፤ ደርሳለች ያሉት ሁሉም ናቸው።

ሳሚ ከመሬት ላይ ጠጠር እያነሣ ይጥላል። «ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለኝ።

«ማን ቆጥሮልኝ! ብቻ የመጨረሻዋ የወተት ጥርሴ የወለቀችው ከሠርጌ በኋላ ነው። እናቴ አጠገቤ ስላልነበረች ብቻዬን ወጥቼ አማቶቼ ጣሪያ ላይ ወረወርኳት።»

ስልኩ ጮኸ። ሰውዬው ነው። ሳሚ ጥሪው ሊቋረጥ እስኪል ድረስ አየው፤ ከዚያ አነሣው። «ይቅርታ ጋሼ፣ ዛሬ አይሆንም» አለ። «አዎ... አውቃለሁ... በሚቀጥለው እንነጋገራለን።»

«በሚቀጥለውም ገና ናት» አልኩት።

ኩኪን ከነሽርጤ ታቅፎ ተነሣ፤ ያቺ ትልቅ ውሻ እንደ ሕፃን አንገቱ ሥር ገባች። ወረድን። ውሾቹም ከኋላችን ወረዱ።

አሁን ኩኪ ጓዳ ናት፤ በሩ ላይ አልጋዬን አስጠግቻለሁ። ከአጥሩ ውጭ ያላዝናሉ። ሳሚ ያልፋል፣ ያግድማል፤ ስልኩ ይጮኻል፤ ቀብድ የሰጠው ሰው ነው። አንዳንዴ ያነሣል፤ አንዳንዴ እኔን አይቶ ይተወዋል። እሺም እምቢም አላለኝም። ይህኛው ደም ያልፋል። ግን ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ደም ታያለች፤ ያኔም ሥራ ላያገኝ ይችላል፤ ሁሉም ደግሞ ያኔም ይኖራሉ። እኔ ነኝ መኖሬ የማይታወቀው። ስንት ዓመት ሙሉ ስተኛ የምጸልየው አንድ ነገር ነበር፤ ሳላስቸግር፣ አልጋ ላይ ሳልቀር ውሰደኝ እያልኩ። ከቅዳሜ ወዲህ ጸሎቴን ቀይሬያለሁ። ባስቸግርም ግድ የለም፣ አልጋ ላይ ብቀርም ግድ የለም፤ በሩ ላይ እስከተኛሁ ድረስ። ኩኪ እስክትደርስ አትውሰደኝ።